በኖና አንገት ላይ የነበረው ክታብ

የከተማው ሐኪም አውዳይሞን ሬሳ እንዲመረምር ከዳኛው ሲላክበት የማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ነበር ሣጥኑን አንስቶ የመጣው። ልጁ ዲዲሜ በትኩሳት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያለቅስ በጆሮው ይሰማል፤ ልቡ ግን አይነካውም።

ሟቿ ኖና አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ትራሷ በትውከት ርሷል፤ ጉልበቶቿ ወደ ሆዷ ተሰብስበዋል። አንገቷ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ተጣጥፋ በቀይ ክር የታሰረች የፓፒረስ ወረቀት ክታብ አለች። ከአልጋው ሥር ጥቁር ዝቃጭ የቀረበት ኩባያ ተቀምጧል።

«ትኩሳቱ መቼ ለቀቃት?» አለ አውዳይሞን ዓይኗን ገልጦ እያየ።

«ከትናንት ወዲያ» አለ ባሏ ፎይባሞን። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን የሚሥል ሰው ነው፤ ጥፍሮቹ ሁሉ ቀለም ናቸው። «ትናንትማ ዓሣ በላች። ሳቀችም።»

በሩ ላይ የቆሙት ቄስ ሆሪዮን ጣልቃ ገቡ። «ምኑ ይመረመራል? ስንቴ ጮህኩ! ክርስቲያን ክታብ አያንጠለጥልም አልኩ። ማን ሰማኝ? ያ ክታብ ጸሐፊ አኑፕ ቀለሙን አሳጥቦ አጠጥቶ ገደላት።»

«አባ፣ አኑፕ እኮ የራስዎ ቤተ ክርስቲያን አንባቢ ነው» አለ ፎይባሞን በደከመ ድምፅ።

«ነበር! ዛሬ ግን ወታደሮቹ ይዘውታል።»

አውዳይሞን ወደ ጥጉ ዞረ። የኖና ታላቅ እህት ታኢሲስ የኖናን የአምስት ዓመት ልጅ ሚኬን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች።

«ከእሷ ጋር ያደርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ሊነጋጋ ሲል ተነሣች። ክታቡን ከአንገቷ ፈታች፣ ውሃ ውስጥ ፊደሉን አጠበችው፤ ጠጣችው። ከዚያ መልሳ አሰረችው። ትንሽ ቆይታ ሆዴን አለች።»

«አጥባ እንድትጠጣው ማን ነገራት?»

«አኑፕ ነዋ! ሌላ ማን ይነግራታል?»

አውዳይሞን ኩባያውን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ውሃ ጨመረበት፤ ጥላሸቱን ቀስ እያለ አፈሰሰው። ጥቁሩ ሲሄድ ከሥር እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ነገር ቀረ። ፎይባሞን ከኋላው ሆኖ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«የእኔ ቢጫ ነው። ለቅዱሳኑ አክሊል የምቀባው። መርዝ ስለሆነ ጣታችሁን እንዳትልሱ ብዬ ሁሉንም አስጠንቅቄያለሁ።»

«ማን ይፈጨዋል?»

«አንዳንዴ እኔ፣ አንዳንዴ ታኢሲስ። ኖናም ጤነኛ ሳለች ትፈጭ ነበር። ሣጥኑ አይቆለፍም።»

«ሚስትህ እንድትሞት የሚፈልግ ሰው ነበር?»

ሠዓሊው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «እንድትድን ብላ ስለት ተስላ ነበር» አለ። «ከተነሣሁ ሚኬን ለሴቶቹ ገዳም እሰጣለሁ ብላ። ትኩሳቱ ሲያቃጥላት ጮክ ብላ ነው የተሳለችው፤ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ከፋኝ፤ ግን በስለት ላይ ምን እላለሁ?»

«ታኢሲስስ?»

«እሷ ምንም አላለችም። የራሷ ሦስት ልጆች ሞተውባታል። ሚኬን ከተወለደች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት።»

አኑፕ በዳኛው ግቢ ውስጥ እጁን ታስሮ አፈር ላይ ተቀምጧል። አውዳይሞን ለሁለት ዓመት ሊያየው አልፈለገም ነበር። ዲዲሜ አንገቷ ላይ የዚህን ሽማግሌ ክታብ አስራ ነው የሞተችው። አሁን በደለኛ ሆኖ ቢያገኘው ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል፤ ያንን ደስታ ግን በውስጡ ፈልጎ አጣው።

«አጥበሽ ጠጪ ብለሃታል?»

«አላልኩም። የአምላክ ስም አንገት ላይ ይታሰራል እንጂ ሆድ ውስጥ አይገባም።»

«ምን ጻፍክላት?»

«እሱ በእሷና በጌታ መካከል ነው፣ ልጄ።»

«ሊገድሉህ እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

አውዳይሞን ከሽማግሌው ዕቃ መካከል የቀለሙን ቀንድ አወጣ። ቀለሙን በውሃ በጠበጠውና ሳያመነታ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ወታደሩ ጮኸ። ሐኪሙ አፉን ጠርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየ፤ ሆዱን አላመመውም። ልሞት እችል ነበር ብሎ እንኳ አልደነገጠም።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በኖና ግቢ ሰበሰባቸው። አኑፕንም አስመጣ።

«የሽማግሌው ቀለም ጥላሸትና ሙጫ ነው» አለ። «ጠጥቼዋለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ። ኖናን የገደላት ከጥላሸቱ ሥር የነበረው ቢጫ ነው። ጥላሸቱ የተጨመረው ቢጫውን እንዲሸፍንና ነገሩ በአኑፕ እንዲሳበብ ነው።»

«እንግዲያው ሠዓሊው ነው!» አሉ ቄስ ሆሪዮን።

«ቢጫው የእሱ ነው። ግን ኖና ክታቡን አጥባ ስትጠጣ አየሁ ያለው እሱ አይደለም። አየሁ ያለችው ታኢሲስ ናት።»

ታኢሲስ ሚኬን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

አውዳይሞን ከኖና አንገት የፈታውን ክታብ ከቀበቶው አወጣ። ቄሱ፣ «የታሰረ ክታብ መፍታት!» ሲሉ አልሰማቸውም። ክሩን በጥሶ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። ከላይ ሦስት መስቀሎች፣ ከሥራቸው ጥቁርና ጥርት ያሉ መስመሮች ነበሩ። አንድም ፊደል አልደበዘዘም።

«ይህ ውሃ አልነካውም። ማንበብ የሚችል ሰው ይህን ውሸት አይዋሽም፤ የታጠበ ክታብ ባዶ እንደሚሆን ያውቃልና። አንቺ ግን የታሰረ ክታብ የሚፈታ ሰው ይኖራል ብለሽ አላሰብሽም። ኖና ስትታመም አስታመምሻት። ስትድን ነው የገደልሻት፤ ከዳነች ልጅቷ ትሄዳለችና።»

ታኢሲስ አልካደችም። «መድኃኒት ነው ስላት አመነችኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ሦስት ቀብሬአለሁ። አራተኛዋን በሕይወቷ እንዴት አድርጌ ልቅበር?»

አውዳይሞን ዓይኑን ወደ ፓፒረሱ መለሰ። ለማንበብ አልፈለገም፤ ሆኖም አነበበው።

«ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ኖናን ማራት። ሚኬን እሰጥሃለሁ ብዬ የተሳልኩት በትኩሳት ነውና ይቅር በለኝ። ልጄ ከእህቴ ከታኢሲስ እቅፍ አትለይ። በእሷ ፈንታ እኔ ራሴ ለገዳሙ ክር እፈትላለሁ።»

አኑፕ ዓይኑን ጨፈነ። «ስትድን ራሷ ልትነግራት ነበር» አለ።

«እንደገና አንብበው» አለች ታኢሲስ።

እንደገና አነበበው። አላለቀሰችም። ልጅቷን ከጭኗ አውርዳ አቆመቻት፤ ቀሚሷን አስተካከለችላት። ወታደሩ ክንዷን ሲይዝ ወደ ፎይባሞን ዞራ፣ «ወተት ብቻውን አትጠጣም» አለችው። «ዳቦ ነክረህ ስጣት። ቅርፊቱን አውጣላት።»

ሄደች። ፎይባሞን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ቄሱ የአኑፕን ገመድ ለመፍታት ጎንበስ አሉ፤ ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ሚኬ በግቢው መሐል ብቻዋን ቆማ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች።

አውዳይሞን ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዳቦው የት ነው?» አለ።