አርባ አንደኛው ቆዳ

ሸዋንግዛው ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ሳይቀምስ የጓሮውን መጋዘን ይከፍታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞጆ ላይ የበሬ ቆዳ ገዝቶ፣ በጨው አሽቶ፣ ደርድሮ ለፋብሪካ ሲያስረክብ ኖሯል። ጨው ያልደረሰው ቆዳ ከላይ ደህና እየመሰለ ከሥር ይበሰብሳል፤ እሱ ግን በጠረኑ ያውቀዋል። ካጠራጠረው ጥቂት ፀጉር በሁለት ጣቱ ይዞ ይነጫል። ጤነኛ ቆዳ ፀጉሩን አይለቅም፤ የበሰበሰ ግን ሳይታገል ይሰጣል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሞች ከግራ ትከሻው ዝቅ ብለው ቆዳውን ሰንጥቀው፣ የደከመ ልቡን የምታግዝ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ቀብረውለታል። ሐኪሟ ስታሰናብተው፣ "ጋሼ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካዠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ። መመርቀዙ ወደ ልብ ይወርዳል" ብላው ነበር።

ሰኞ መጋዘኑን ሲከፍት ያ የሚያውቀው ጠረን ተቀበለው፤ ጣፋጭ፣ ወፍራም፣ ምላስ ላይ የሚለጠፍ።

"ብርቅነሽ! አንዱ ቆዳ ተበላሽቷል። አይሸትሽም?"

"አንተ ሰውዬ፣ ካገባሁህ ወዲህ ያልሸተተኝ ቀን አለ?" አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት። "የሠርጌ ዕለትም ይሸት ነበር!"

ማክሰኞ ወለሉን በፈላ ውሃ አጠበ። ጠረኑ ግን ምሳ ላይ ተከትሎት መጣና ጉርሻው አፉ ውስጥ ሬሳ ሬሳ አለው። ካናቴራው ደረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ዙሪያውን ቢጫ እርጥበት ከቦት አየ። "የቆዳ ሞራ ነው" አለና ከላዩ ሸሚዝ ደረበበት።

ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣችው፣ እሱ ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝንቦቹ የተደረደረውን ቆዳ አልፈው ኮሌታው ላይ ሰፈሩ። ብርቅነሽ ውሃ ስታቀብለው አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ኧረ ታጠብ! ጠረኑ ገላህ ላይ ተጣበቀብህ እኮ።"

"ነገ የበሰበሰውን አግኝቼ እጥለዋለሁ።"

ሐሙስ መጋዘኑ ውስጥ የነበረውን አርባውንም ቆዳ ጓሮ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ተንበርክኮ አንድ በአንድ እየነጨ ፈተሸ። አንዱም ፀጉሩን አልለቀቀም። አርባኛው እንኳ ጣቱን እስኪያመው ድረስ ጸንቶ ያዘ።

ድካም ሲጥለው ወደ ባዶው መጋዘን ገብቶ በሩን ዘጋና የታጠበው ወለል ላይ ተቀመጠ። ቤቱ ውስጥ አንድም ቆዳ የለም። ጠረኑ ግን እዚያው ነበር፤ ሞቅ ብሎ፣ በተነፈሰ ቁጥር ከኮሌታው ሥር ሽቅብ ይመጣል።

የሸሚዙን ቁልፎች ፈታ። ካናቴራውን ሲገልጠው ክር ክር እያለ፣ እንደ ረጋ ሙጫ እየተጎተተ ለቀቀ።

"ሰውዬ፣ የበሰበሰውን አገኘኸው?" አለች ብርቅነሽ ከጓሮ።

ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው ከትከሻው ሥር የበቀለውን ሽበት ቆንጥረው ያዙ፣ ፀጉሩም ሳይታገል፣ ሳያመው፣ ቆዳውን አስከትሎ መጣ፤ ከሥሩም፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ከድድ ብቅ ያለች፣ ንጹሕ ብረት አብለጨለጨች።