ሰባቱ ቡኒ ክኒኖች

ሊቤ የሞተችው ሰበታ፣ በጧት የታክሲ ሰልፍ መካከል ነው። ደረቷን ይዛ ወደቀች፤ አልተነሳችም። የአስከሬን ምርመራው የረጋ ደም ሳንባዋን እንደዘጋው ገለጸ። ሐኪሟ ከቦርሳዋ የተገኘውን ክኒን አይታ ባትደነግጥ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ይኼ እኔ ያዘዝኩት አይደለም» አለች ሐኪሟ ለኢንስፔክተር ያለምወርቅ። «ሊቤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበረባት። የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ እየበቀለ በየወሩ ያሠቃያል። ሆርሞን ያስታግሰዋል። ግን ከዚህ በፊት እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ስለነበር ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን የሌለበትን መርጬ ነው የሰጠኋት። ይኼ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው።»

«ካርቶኑስ?»

«ካርቶኑ ብቻ ነው የኔ!»

ያለምወርቅ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን የክኒን ማሸጊያዎች አገላብጣ አየች። ሁለቱ አልቀዋል፤ ሦስተኛው ተጀምሯል። የሁሉም ጫፍ በመቀስ ተከርክሟል። በጤና ጣቢያ የሚታደለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ሃያ አንድ ነጭና ሰባት ቡኒ እንዳለው ታውቃለች፤ ቡኒዎቹ የሉም። የሊቤ መድኃኒት ደግሞ ነጭ ብቻ ነበር። የቀየረው ሰው እንዳትነቃበት ተጠንቅቋል።

መንደሩ ባሏ ዲሪርሳ ላይ ፈርዶ ጨርሷል። ቀናተኛነቱን የማያውቅ የለም።

«‹ከማን ጋር ሆነሽ ነው የምትውጪው› ብዬ አንዴ ክኒኗን ወርውሬዋለሁ» አለ ዲሪርሳ። «ሐኪሟ ጠርታ ስታስረዳኝ ግን አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ አንድ ሰዓት ላይ በስልኬ አላርም እሞላላት ነበር። ውኃውንም የማቀብላት እኔ ነኝ።»

እነሊቤ በተከራዩበት ግቢ ሰርቪስ ቤት የምትኖረው የሊቤ ታላቅ እህት ኡርጂ ነገሩን በአጭሩ ቆረጠችው።

«የሷን ሕመም በምን አውቃለሁ? ክኒኗንም አይቼ አላውቅም።»

አከራያቸው ኦቦ ቀጄላ ግን ወሬ አያልቅባቸውም።

«ሕመምስ የኡርጂ ነበር፣ ልጄ! በየወሩ ሦስት ቀን ስታቃስት ግቢው አይተኛም። አልወለደችም ብሎ ባሏም ጥሏት ሄደ። አሁን ዋቃ ይመስገን፣ ሁለት ወር ሆናት ድምጿን አልሰማንም።»

«ምን አዳነኝ አለችዎት?»

«ጸበል።»

በሠልስቱ ያለምወርቅ ሦስቱንም ሊቤ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሊቤን መግደል የፈለገ ሰው መርዝ አያጣም» አለች። «ይኼ ሰው የፈለገው መድኃኒቷን ነው፤ ለራሱ። ዲሪርሳ ማህፀን የለውም። ኦቦ ቀጄላም እንደዚያው። ክኒኑ ከተቀየረ ሁለት ወር ሊሆን ነው። ኡርጂም ከዳነች ሁለት ወር። ሕመሙ ደግሞ እህትማማቾችን አብሮ ሊይዝ ይችላል። ኡርጂ፣ የያዝሽውን ቦርሳ ክፈቺው።»

ኡርጂ አልከፈተችውም።

«ለሷ ሲሆን በሽታ፣ ለኔ ሲሆን ‹ውለጂና ይለቅሻል›!» ብላ ጮኸች። «በየጧቱ ያ ስልክ ሲጮህ፣ ‹ሊቤኮ፣ የኔ ሊቤ፣ ክኒንሽ› ሲላት በግድግዳው እሰማለሁ። ቀናሁ! አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ! ግን ክኒን ሁሉ ያው መስሎኝ ነው እንጂ እንድትሞት አልፈለግኩም።»

«ለምን አልጠየቅሻትም?»

«ታናሼን ልለምን?»

ያለምወርቅ ከሊቤ ቦርሳ የተገኘ የቀጠሮ ካርድ አወጣች። ለፊታችን ማክሰኞ፣ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ነው። ኡርጂ ተቀብላ አነበበችው። የተጻፈው የራሷ ስም ነበር።

«ሊቤ ‹ታላቄ ናት፣ እንዳይከፋት በምን ቃል ልንገራት› ስትል ሰነበተች» አለ ዲሪርሳ። «ቅዳሜ ልትነግርሽ ነበር።»