ነጻ ነው የተባለ ወፍጮ

ከቀየት መንደር ወዲህ ያለው የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ቤት በአንድ ከሰዓት ተራቆተ። በሩ ተነቅሏል። ቆርቆሮው ተገፏል። ሞተሩ ብቻ ከሲሚንቶው ጋር ታስሮ ቀርቷል፤ እሱም የናፍጣ ፓምፑ ተወስዶበት በድን ሆኗል።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ማኅበሩ ፈርሶ ወፍጮው በጨረታ ሊሸጥ ቀን ተቆርጦለታል። ዘበኛው አቶ ወልደ አማኑኤል ዘረፋው ሲካሄድ ቀብር ሄደው በመገኘታቸው ታስረዋል። ፓምፑ ካልተገኘ ወህኒ መውረዳቸው ነው።

ፖሊሱ አምሳ አለቃ በኃይሉ ነገሩን ሊመረምር ከመሐል ሜዳ ከተማ ሲመጣ የሚክድ ሰው አጣ። ያናደደውም ይኸው ነው።

ወይዘሮ ጠጄ የማኅበሩን አግዳሚ ወንበር ደጃቸው አውጥተው ተቀምጠዋል።

«እትዬ ጠጄ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከወፍጮ ቤት። አረፍ በል እንጂ ልጄ።»

«ሰርቀው?»

«ምን ቆርጦኝ። ገበያው በነጻ ሆኗል ሲሉ ሰማሁ፣ ሄድኩ። አርፍጄ ይቺው ደረሰችኝ።»

«ነጻ ገበያ ማለት እኮ ሁሉም እቃውን በፈለገው ዋጋ ይሸጣል ማለት ነው።»

«ታዲያ ነጻነቱ ለሻጩ ነዋ።»

በኃይሉ ግንባሩን አሸ። ከጧት ጀምሮ ይህንኑ ሲያስረዳ ጉሮሮው ደርቋል።

እቃ መከተሉን ትቶ ወሬውን ተከተለ። ጠጄ የሰሙት ከዓምደ ሚካኤል ነው። ዓምደ ሚካኤል ከጎረቤቱ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ደጅ አደረሰው፤ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው የማኅበሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ መኳንንት።

«እኔ ያልኩት ነጻ ገበያ ነው» አለ መኳንንት። «በነጻ ብለው ከሰሙ የጆሯቸው ጉዳይ ነው። በግርግሩ ፓምፑን አንዱ ይዞት ሄዷል።»

በኃይሉ ወፍጮ ቤቱን እንደገና አየው። ቆርቆሮው ከነምስማሩ ተቦጭቋል፤ በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሏል። ፓምፑ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ፓምፑ ከወጣ በኋላ ብሎኖቹ በየቀዳዳቸው ተመልሰው ጠብቀዋል።

ለዝርፊያ የሚጋፋ ሰው ብሎን አይመልስም። የመለሰው ሰው ፓምፑን ዳግም ሊገጥመው አስቧል።

የመኳንንት ጎተራ ሲፈተሽ ፓምፑ በጆንያ ተጠቅልሎ ከገብሱ ውስጥ ወጣ።

«ሞተሩ የማይሠራ ብረት ነው ተብሎ በጨረታው በርካሽ እንዲወጣልህ» አለ በኃይሉ። «ሕዝቡን የጠራኸውም ስርቆትህን እንዲሸፍንልህ።»

«ነግዱ አላችሁን። በምን ገንዘብ? የደብረ ብርሃን ነጋዴ መጥቶ ወፍጮውን ያነሳዋል። ስንት ዓመት የደከምኩበትን ቆሜ ልይ?»

«አዛውንቱስ በምን ዕዳቸው ታሰሩ?»



አመሻሹ ላይ አቶ ወልደ አማኑኤል ተፈቱ። ቀጥ ብለው ሄደው በር የሌለው ወፍጮ ቤት ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ቤትዎ ይግቡ እንጂ» አለ በኃይሉ። «ማኅበሩ ፈርሷል። ደሞዝ የሚከፍልዎት የለም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«ስታስሩኝ ወፍጮው ባለቤት ነበረው። ስፈታ ነው ባለቤት ያጣው?»