ጠጠር ያልነካው ወለል

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በጥር ወር በሰሜን ኖርዌይ ጫፍ፣ ትሮምሶ ከተማ ውስጥ ግን የሚጠራ ንጋት የለም፤ ረፋዱም ላይ የመንገድ መብራቱ እንደበራ ነው። በዚያ ጨለማ ረፋድ ሽማግሌው ሃልቫርድ፣ የበረራ ሰዓት እስኪደርስ ከቤተሰቡ ጋር ለግማሽ ቀን በተከራዩት ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከእግሩ ሥር ቀዩ ምንጣፍ ላይ ትራስ ወድቋል። ሐኪሙ የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርጎ የደም ነጠብጣቦቹን አየና «ታፍኖ ነው» አለ።

ኢንስፔክተር ቱሪድ ቦቲዋን ደረጃው ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። ቱሪድ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት፤ ሬሳውን ከማየቷ በፊት ወለሉን ትክ ብላ ታይ ጀመር።

«ምን ጠፋብሽ? ገዳዩን እኮ ይዘነዋል» አላት ፖሊስ ኦድቫር፣ ጫማው ላይ ላስቲክ እንዳጠለቀ። «የሴት ልጁ ባል ነው፤ ሩጄሮ የሚባል ጣሊያናዊ። ትናንት መርከብ ላይ ከአማቱ ጋር ተጨቃጭቋል። ዛሬ ደግሞ ብቻውን ወደዚህ ሲመለስ ጎረቤት አይታዋለች። የጠቆመችን ሚስቱ ራሷ ናት።»

«ሚስቱ?»

«‹ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?› ነው ያለችው።»

መንገደኞቹ አራት ነበሩ፤ ሃልቫርድ፣ ልጁ ግሮ፣ ባሏ ሩጄሮና የሃልቫርድ ታናሽ ወንድም አይቪን። ከበርገን ተነስተው ሳምንቱን በመርከብ ሲጓዙ ሰንብተው ያን ጠዋት ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ወደ ኦስሎ ሊበሩ ነበር።

ቱሪድ በሩ አጠገብ አጎነበሰች። የጫማ ማስቀመጫው ሳህን ላይ የሟቹ ቦቲ አለ፤ ደርቋል። ከጎኑ ግን የቀለጠ በረዶ ውሃ ተኝቷል፤ ውስጡም መንገዱ እንዳያንሸራትት ከተማው የሚበትነው ጠጠር አለ። ከዚያ እስከ ወንበሩ ድረስ ነጩ ወለል ላይ አንዲት ፍሬ ጠጠር የለችም።

ሩጄሮ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቃት።

«ጓንቴን ረስቼ ነው የተመለስኩት» አለ። «የበሩን ደወል ብደውል መልስ የለም። ተኝቷል ብዬ ሄድኩ።»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«በጫማ። በምን እንጣላለን ሌላ? የመርከብ ክፍሉ ውስጥ በጫማዬ ገባሁ፤ ‹ክፍሌን በረት አደረግከው› ብሎ ጮኸብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጫማ ነው የተጣላነው።»

«ታዲያ አውልቀህ ብትገባ ምን አለበት?»

«እኔማ አስባለሁ። የሚረሳው እግሬ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ግሮ እኔ ነኝ ብላ ነው የምታምነው? የምሯን?»

ቱሪድ ማስታወሻዋን አጥፋ ወጣች።

ግሮ ደግሞ ኮሪደር ላይ ኮቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች።

«ጠዋት ከአባባ ጋር ሻንጣ አስገባን። ሩጄሮ እንደልማዱ በጫማው ዘው አለ» አለች። «ጠጠሩን እያጉረመረምኩ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እኔ ወደ ሱቅ፣ ሩጄሮ ወደ ወደብ ሄድን።»

«ስትመለሺስ? ገባሽ?»

«ከውጭ፣ ከደፉ ላይ ነው ያየሁት። እዚያው ቆሜ ለፖሊስ ደወልኩ።»

«አጎትሽ የት ነበር?»

«ከመርከቡ በቀጥታ ካፌ ሄደ። ቤቱን አያውቀውም፤ አድራሻውን ብቻ ነው የሰጠሁት።» የኮቷን ቁልፍ ነካካች። «አባባ ማታ ሲያለቅስ ነበር። የሆነ ወሽመጥ ስናልፍ፣ ‹ኦስሎ እንደደረስኩ ለቶርሞድ እናት እውነቱን እነግራታለሁ› አለ። ቶርሞድ በወጣትነታቸው ባሕር የበላው ጓደኛቸው ነው። የአባባና የአጎቴ።»

«አጎትሽ ይህን ሰማ?»

«አጠገቤ ነበር የተቀመጠው።»

አይቪን በዚያ ሰዓት አየር ማረፊያ ደርሷል። ቱሪድ ሁሉንም እዚያው ባለች ጠባብ የፖሊስ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በመስኮቱ በኩል አውሮፕላኑ ክንፉ ላይ በረዶ ማቅለጫ ሲረጭበት ይታያል።

«አይፈጅም አይደል?» አለ አይቪን ትኬቱን እያገላበጠ። «የወንድሜን ቀብር የማሰናዳው እኔ ነኝ።»

«አይፈጅም፣ አባት» አለች ቱሪድ። «ግሮ ወለሉን ጠርጋ ወጣች። ከዚያ በኋላ የገባው ሰው ከመንገድ ነው የመጣው፤ ጫማው ጠጠርና በረዶ ይዟል። ያም ሁሉ በሩ ላይ ቀርቷል፤ ወለሉ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው።»

«ወይ ጉድ» አለ ኦድቫር። «ሰው ሊገድል የገባ ጫማ ያወልቃል?»

«እዚህ አገር ያደገ ያወልቃል። አስቦበት አይደለም።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ማለት ይኸው ነው።

«ይህ ሰው» አለች ወደ ሩጄሮ እያመለከተች «አማቱን ለማስደሰት ስድስት ዓመት ያላወለቀውን ዛሬ ለመግደል አያወልቅም። እርስዎስ፣ አይቪን፣ ቤቱ ገብተዋል?»

«በዓይኔም አላየሁት። ካፌ ነበርኩ እኮ።»

«ቦቲዎንስ የሆነ ቦታ አውልቀዋል?»

«ካፌ ውስጥ ማን ያወልቃል?»

«እንግዲያው አሁን ያውልቁልኝ።»

አይቪን አወለቀ። ቱሪድ እጇን ቦቲው ውስጥ ከታ አወጣች። «ውስጡ ደረቅ ነው። የግራ ካልሲዎ ግን ተረከዙ እርጥብ ነው። ሲወጡ ቸኩለው የራስዎን ውሃ ረገጡ፤ ሁላችንም በየክረምቱ የምንረግጠውን። አሁን እግርዎን ያንሱ።»

ከእርጥቡ ሱፍ ሥር የቀዩ ምንጣፍ ቃጫ ተለጥፏል።

አይቪን ካልሲውን እያየ ቆየ።

«ልለምነው ነው የሄድኩት» አለ በመጨረሻ። «እሱ ራሱ ከፈተልኝ። ቶርሞድ የሰጠመ ቀን ጀልባዋን ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሰክሬ። ‹ብቻውን ነው ወደ ባሕር የወጣው› ብለን ማልን። እናቱ ዛሬም ይመጣል እያለች በሯን አትቆልፍም። ሃልቫርድ ‹ሳትሞት ትቆልፈው› አለኝ። እኔ... በዚህ ዕድሜዬ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።»

ግሮ አጎቷን አላየችውም። ታይ የነበረው ባሏን ነው፤ እሱ ደግሞ መስኮቱን።

አውሮፕላኑ ያለነሱ ተነሳ። ባልና ሚስት የሟቹን ሻንጣ ሊያነሱ ወደዚያ ቤት ተመለሱ። ግሮ ቦቲዋን አውልቃ ገባችና ዞር ስትል ሩጄሮ ደፉ ላይ ቆሟል።

«በጫማህ ግባ» አለችው እንባዋ እየወረደ። «ከእንግዲህ ምንም አልልህም። ግባ ብቻ።»

ሩጄሮ ንጹሑን ወለል አየ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ ያለውን የሽማግሌውን ቦቲ። ቁጭ አለና ክሩን ፈታ። ጫማውን ከቦቲው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አላት። «ለአባትሽ ነው።»

በካልሲው አልፏት ገባ፤ ሻንጣውንም አነሳ።