የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች

አባቷ ከነቱታው እቅፍ አድርጎ ብድግ ሲያደርጋት አንድ ጫማዋ ወለቀ። «የኔ አንበሳ! ነፃ አወጣሽኝ እኮ!» አለ፤ ድምፁ ከምድጃው ጉርምርምታ በላይ ተሰማ። ሠራተኞቹም የብረት ጠረጴዛውን በመዶሻ እየደበደቡ አጀቧት።

ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። የአባቷ ሥራ ናስ፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅልቅል፣ አቅልጦ የቧንቧ መክፈቻና የበር እጀታ መሥራት ነው። ከማቅለጫው አጥር ማዶ ያለው የትምህርት ቤቱ የውሃ ጉድጓድ ደግሞ ዚንክ በዝቶበታል፤ የአትክልት ክበቡ ችግኞች ቢጫ ሆነው አለቁ። ተማሪው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው የክበቡ መምህር «ከዚያ ነጭ ጭስ ሌላ ምን ይሆናል!» ብለው ሰፈሩን ቀሰቀሱ። ማቅለጫው ይዘጋ ወይስ አይዘጋ፣ ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ሊወሰን ነው። ዛሬ ሰኞ ከላቦራቶሪ የመጣው ቁጥር ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው አለ፤ ድሮ የተዘጋ የማዕድን ማቅለጫ ከወንዙ በላይ ትቶት የሄደው የዝቃጭ ክምር። ቁጥሩን ያመጣችው ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመቷ የገዛ ልጁ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መራመድ ትታ መሮጥ ስለምትወድ ቤተሰቡ ነፋሷ ይላታል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሷ ለስብሰባው የሚሰቀለውን ሰሌዳ ልታዘጋጅ የላቦራቶሪ ደብተሯን ገለጠች። ለዝቃጩ ስምንት ጭረት። ከማቅለጫው ጣሪያ ለተጠረገው ብናኝ ስምንት ጭረት። ለጉድጓዱ ውሃ ስድስት።

ደግማ ቆጠረች። ስድስት።

ነፋሷ ከትምህርት በኋላ የምታግዝበትን ላቦራቶሪ የምትመራው አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት ናት። ዚንክ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያስተማረቻትም እሷ ናት። «አተሞቹ በጠባይ መንታ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን በትንሹ ይለያያል» ትላለች። ናስ ሲቀልጥ ዚንኩ ይፈላል፤ ቀለል ያሉት ከጭሱ ጋር ቀድመው ይወጣሉ፣ ከበድ ያሉት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ የጭስ ብናኝ ቀላሎቹ ይበዙበታል፣ ዝቃጭ ደግሞ ከባዶቹ። የጉድጓዱ ዚንክ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል በማየት ነው።

ከመለካቱ በፊት ግን ዚንኩ ከሌላው ነገር መለየት አለበት። ናሙናው ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች በተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይፈሳል፤ ከዚያ ስምንት ጊዜ አሲድ ይጨመርበትና ዚንኩ ጠብ ጠብ እያለ በኩባያ ይጠራቀማል፤ አሲድ በተጨመረ ቁጥር ደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ይሰመራል። እዚህም ከባዶቹ ይቀድማሉ፣ ቀላሎቹ ይጎተታሉ። ኩባያውን ቶሎ ያነሳ ሰው ቀላሎቹን ጥሎ ከባዶቹን ይዞ ይሄዳል።

የጉድጓዱን ውሃ ባሳለፈችበት ቀን የክፍሏ የመረብ ኳስ ግጥሚያ ነበረባት። ከስድስተኛው አሲድ በኋላ «ከዚህ ወዲያ ምን ቀርቶ ነው?» ብላ ኩባያውን አነሳች፤ ቅጹ ላይ «ሙሉ» ብላ ጻፈችና በረረች።

«እና ማን ያውቃል?» አለች ሰሌዳውን በቀለም እያሳመረች ነገሩን ከነፋሷ የሰማችው የልብ ጓደኛዋ። «አቦ ፋራ አትሁኚ! አባትሽ ተርፏል። ለሁለት ጠብታ ብለሽ ቤታችሁን ልታፈርሺ ነው?»

«ሁለት ጠብታ አይደለም፤ ብዙ ነው።»

«ቢሆንስ? ውጤቱ ያው ቢሆንስ?»

«ያው ከሆነ ምን ያስፈራኛል?» አለች ነፋሷ። ግን ፈርታ ነበር። የፈራችው ጋሼን አይደለም፤ ጠዋት የወለቀ ጫማዋን አንስቶ እየሳቀ ያጠለቀላትን አባቷን ማሳዘን ነበር።

በማግስቱ ለአክስቷ ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ አልጮኸችም። «ከገባው ዚንክ ምን ያህሉ እንደወጣ ማረጋገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች ግንባሯን እያሸች። «ቅጹን አምኜ ዘለልኩት። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ግን ልጄ፣ ድጋሚው የአባትሽን ማቅለጫ ሊያዘጋ ይችላል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል እታለም።»

«ለኔም ወንድሜ ነው እኮ» አለች አክስቷ፤ ከዚያ ጓንት ወረወረችላት።

ነፋሷ ሦስት ቱቦዎች ደረደረች፤ ሦስቱም ውስጥ የጉድጓዱን ውሃ ጨመረች። ወንበሯ ላይ ተተክላ ጠብታውን በዓይኗ ተከተለች። እግሯ አንድ ሁለት ጊዜ ሊነሳ ሞከረ፤ እሺ አላለችውም። ስምንተኛው አሲድ ሲያልቅ ዘጠነኛ ጨምራ ቱቦው ውስጥ የቀረ ዚንክ እንደሌለ አየች። ሲለካ የገባው ሁሉ ወጥቷል፤ ቅንጣት አልጎደለም።

ረቡዕ መሣሪያው የመጀመሪያውን ቁጥር ሰጠ፦ ከዜሮ በታች፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት። ሁለተኛውም ዜሮ ነጥብ ሦስት። ሦስተኛውም ያው!

«ሦስቱም ገጠሙ!» ብላ ዘለለች። አክስቷ ሁለት ጉንጯን ይዛ ሳመቻት። «እዚህ የሚሠሩ ትልልቅ ሰዎች እንኳ እንዲህ የገጠመ ቁጥር ሲያምራቸው ይቀራል!» አለች። ነፋሷ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። ከእሷ በፊት ማንም ያላወቀውን ነገር በገዛ እጇ አንጥራ አውጥታለች። ቁጥሩ የሚለው ነገር የታወሳት ከዚያ በኋላ ነው። ከዜሮ በታች ማለት ቀላሎቹ በዝተዋል ማለት ነው፤ ከጣሪያው ብናኝ ጋር አንድ ነው። የአባቷ ጭስ ነው።

ሠራተኞቹ ለምሳ በወጡበት ሰዓት ሄዳ ነገረችው።

«አባዬ፣ ተሳስቼ ነበር። ጭሱ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሦስት ጊዜ ለካሁት።»

ፊቱ ጠቆረ። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ጀርባውን ሰጣት። ነፋሷ መሮጥ አማራት፤ ግን ቆመች። አባቷ ምድጃውን አየት አድርጎ ዞረ።

«እስቲ አስረጂኝ። የሚፈላው ዚንክ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሲቀዘቅዝ ነጭ ብናኝ ይሆናል። ጣሪያው ላይ ያርፋል፤ ዝናብ ሲመጣ አጥቦ ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል።»

መሰላል አምጥቶ ወጣ። ጣሪያውን በመዳፉ ጠረገና እጁን አተኩሮ አየው። «ሃያ ዓመት ሙሉ!» አለ ከላይ ሆኖ። «ናሴ ዚንክ ለምን ያንሰዋል እያልኩ ሠራተኛውን ስቆጣ! ለካ እኔው በጭስ ማውጫ እየሸኘሁት ነው!» ከዚያ መሰላሉ እስኪወዛወዝ ሳቀ። «የሚያርፍ ነገር ከሆነ ደግሞ ይያዛላ!»

ሐሙስና ዓርብ ማቅለጫው ውስጥ እጁን የሰበሰበ ሰው አልነበረም። ከምድጃው በላይ ትልቅ የቆርቆሮ ቆብ ደፉበት፤ ጭሱን በረጅም ቱቦ እያቀዘቀዙ ወደ ወፍራም የጨርቅ ከረጢቶች አዞሩት። ዓርብ ማታ ሲራገፍ ከረጢቶቹ ግማሽ ባልዲ ነጭ ብናኝ ይዘው ተገኙ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አክስቷ ልትናገርላት ስትነሳ ነፋሷ ቀድማት ወጣች።

«ሰኞ የሰማችሁት ቁጥር ስህተት ነበር» አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ፣ ሳያልቅ አልቋል ብዬ ጻፍኩ።» አዲሶቹን ሦስት ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ጻፈቻቸው። «ዚንኩ የመጣው ከአባቴ ማቅለጫ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አባቷ ባልዲውን አንጠልጥሎ ተነሳ። «ልጄ ያለችው እውነት ነው። ጭሴ ይኸውላችሁ፤ ይዤዋለሁ!» ሲል መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ጭብጨባ ሆነ። ስብሰባው የሦስት ወር ጊዜ ሰጠው። ከማቅለጫው ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃና የጉድጓዱ ውሃ በየወሩ ይለካሉ፤ ካልተሻሻሉ ይዘጋል።

ጋሼ ግን አላጨበጨቡም። «የሚለካው ማነው?» አሉ እጃቸውን እንዳጣመሩ። «እሷው? ለገዛ አባቷ?»

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። አባቷ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ነፋሷ በዓይኗ ለመነችው፤ መልሶ ተቀመጠ። ጥያቄው አላናደዳትም፤ በእሳቸው ቦታ ብትሆን እሷም ትጠይቀው ነበር። ከመድረኩ ወርዳ ፊታቸው ቆመች።

«እርስዎም ይምጡ ጋሼ። ቱቦው አጠገብ አብረን እንቀመጥ፤ እኔ አሲዱን ስጨምር ጭረቱን እርስዎ ይጻፉ። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ይመችዎታል?»