አራተኛው ደብተር

ጋሽ ገብረሥላሴ የሞቱት እሑድ ረፋድ፣ ከአገራቸው ርቀው፣ ቤሪያ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ባለ አንድ ፎቅ አምስተኛ ደርብ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልቦለድ በሚያነቡበት ወንበር ነው። ያገኛቸው ተማም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ጀርሚስተን ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ የሚሸጠው ተማም ምሳ ይዞላቸው ሲመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ቆየው። ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት የአለምወርቅ ጋ ደወለ።

«እትዬ፣ ጋሼ አይናገሩም። ቶሎ ይምጡ!»

የአለምወርቅ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በወንጀል መርማሪነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አሁን ልጇ ዘንድ የምትኖር የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ከልጇ ቤት እስከዚያ ፎቅ ሰባት ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ሰባቱን ደቂቃ ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክናት ሄደች።

ከዐሥር ቀን በፊት ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን አብረው ሲወጡ፣ ሽማግሌው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«አንቺ ስንቱን ስታናዝዢ የኖርሽ ነሽ። ሰው በወጣትነቱ የሠራውን ክፉ ነገር፣ ዛሬ ለተበደለው ሟች ልጅ ቢናገር ምን ይመስልሻል?»

«ይናገር» አለቻቸው። «ይቀለዋል።»

ይህን ቃል ለስንት ተጠርጣሪ እንዳለችው ቁጥሩን አታውቀውም። አንዳንዴም ውሸት መሆኑን እያወቀች ነበር የምትለው። ማንን እንደበደሉ አልጠየቀቻቸውም፤ ቸኩላ ነበር።

ጋሽ ገብረሥላሴ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቀኝ እጃቸው የአስም ፓምፓቸውን እንደያዘ ነው። ፖሊሶቹ መጥተው አዩ፤ አስመኛ መሆናቸውን ከተማም ሰሙ፤ ጻፉ። የአለምወርቅ ግን ዓይኗን ከፓምፑ ላይ መንቀል አቃታት።

«ክዳኑን እየው» አለችው አንደኛውን ፖሊስ፣ በምታውቃት እንግሊዝኛ።

የፓምፑ ክዳን እንደተገጠመ ነበር።

«የሐኪም ምርመራው ይምጣና እናያለን፣ ማማ» አላት በትሕትና።

እሷ ግን መደርደሪያውን ማየት ጀምራ ነበር። እዚያ አራት ደብተሮች መኖር ነበረባቸው። ያሉት ሦስት ናቸው።

ደብተሮቹን ወደዚያ ክፍል ከሚመጡት የማያውቃቸው የለም። ጋሽ ገብረሥላሴ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ የአብዮቱ ሰሞን፣ አንድ አሜሪካዊ የወንጀል ልቦለድ ወደ አማርኛ መልሰው ነበር። መጽሐፉን ይዞ መገኘት ስለሚያስጠይቅ ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ርዕሱንም ደራሲውንም የሚያስታውስ አልተረፈም። ዋናው ቅጂ ጠፍቶ የአማርኛው ደብተር ብቻ አርባ ስምንት ዓመት በሻንጣ ውስጥ ኖረ። ባለፈው ክረምት አውጥተው ለአራት ሰዎች ማንበብ ጀመሩ፦ ለተማም፣ ሥነ ጽሑፍ ለሚያስተምረው ለዶክተር አልአዛር፣ ሂልብሮው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ለሆነችው ለፅናት፣ ለየአለምወርቅም። አራቱንም ልቦለዱ ያዛቸው። መሀል ከተማ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሌሎች የአሜሪካ መርማሪ ልቦለዶችን መልቀም፣ ገጻቸው የረገፈውን መስፋት፣ ገዳዩ ማን ነው እያሉ መጨቃጨቅ ሆነ ሥራቸው። የጋሼን ግን የሚያህል አልተገኘም። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ደብተር አልቋል። የልቦለዱ የቺካጎ መርማሪ ሾፌሩን ጠርጥሮ፣ ባሏ የተገደለባትን ሴት በመጠርጠሩ ደግሞ ዕንባዋን አይቶ አፍሮ ነበር የቆመው።

«አራተኛውን ማን ወሰደው?» አለች የአለምወርቅ።

ተማም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። «እኔ ምን አውቄ እትዬ። እኔ ራሴ... ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደውለውልኝ ነበር። ደንበኛ ከብቦኝ አላነሳሁም። ምን ነበረበት ባነሳው?»

«ሌላ የደበቅኸኝ ነገር አለ?»

ተማም ስልኩን እያገላበጠ ቆየ። «ንባቡን እቀዳ ነበር። ሳላስፈቅድ። ሱቅ ውስጥ እከፍተዋለሁ። የሳቸው ድምፅ ሲኖር ቀኑ አይረዝምብኝም።»

«ሁሉንም?»

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ።»

«ላክልኝ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት አልአዛርን ቢሮው አገኘችው። አዲስ አበባ ያለ አሳታሚ ትርጉሙን ሊያወጣው መስማማቱን፣ መግቢያውን እሱ እየጻፈ መሆኑን ነገራት።

«አራተኛው ደብተር ከሌለ መጽሐፍህ መጨረሻ የለውም» አለችው።

«አለው» አለ ሳያስበው። ከዚያ ፊቱ ቀላ። «ጥር ላይ ጋሼ ሻይ ሊያፈሉ ሲገቡ አራቱንም በስልኬ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። 'እኔ ሳልፈቅድ እንዳይወጣ' ብለውኝ ነበር። ሌባ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

«እሑድ ረፋድ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ፎቶዎቹን ላክልኝ። ስለ ሌባነቱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።»

ፅናትን ያገኘቻት ክሊኒኩ ጓሮ፣ በምሳ ሰዓቷ ነው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ንጹሕ፣ ዝምተኛ ሴት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እሑድ እስከ ስድስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለች።

«ፓምፑን መጠቀም ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ። ሁሌ ክዳኑን መልሰው መግጠም ይረሱ ነበር፣ እቆጣቸው ነበር።» ፅናት ፊቷን በመሐረብ ጠረገች። «እንዲህ ስሆን አይታዘቡኝ እትዬ። ለቅሶዬ የእውነት ነው። እንደዚያች መበለት መስታወት ፊት ተለማምጄ የመጣሁ አይደለሁም።»

የአለምወርቅ ትከሻዋን ዳበሳት፤ ተሰናብታትም ሄደች።

በዚያ ቀን ማታና ማክሰኞ ሙሉ የተማምን ቅጂ አዳመጠች። የሞቱት ሰውዬ ድምፅ በልጇ ሳሎን ውስጥ ስለ ቺካጎ ዝናብ ሲተርክ ዋለ። መበለቲቱ ስድስት ቦታ ላይ ታለቅሳለች። መስታወት አንድም ቦታ የለም። ከዚያ የአልአዛርን ፎቶዎች ከፈተች። የመጨረሻውን ገጽ ስታይ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን ጨፈነች።

ረቡዕ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም በጋሽ ገብረሥላሴ ክፍል ሰበሰበቻቸው። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ጋሼን የገደላቸው አስም ነው» ብላ ጀመረች። «ሐኪሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፓምፑን ሲስብ ክዳኑን ይከፍታል። ከሳበ በኋላ መልሶ የሚገጥምበት ጊዜ የለውም፤ እሳቸው ደግሞ ደኅና እያሉም ይረሱት ነበር። ስለዚህ በዚያ ፓምፕ አልተጠቀሙም። እጃቸው ላይ ያኖረው ሌላ ሰው ነው።»

ተማም «ያ አላህ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁለተኛ፣ እዚህ ፎቅ ላይ በሩን ሳይቆልፍ የሚውል የለም። ለሚያውቁት ሰው ከፍተዋል፤ የመጣው ሰው ሲወጣ ግን ከውጭ ሊቆልፈው አልቻለም። ሦስተኛ፣ ያ ሰው የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራተኛውን ደብተር። ተማም፣ አንተ ሱቅህ ውስጥ ነበርክ፤ አብረውህ የሚሠሩትን ጠይቄያለሁ። አልአዛር፣ አንተ የደብተሩ ፎቶ በእጅህ ስላለ የምትሰርቅበት ምክንያት የለህም።»

ፅናት መሐረቧን በጣቶቿ ትጠቀልላለች።

«ሰኞ ዕለት መበለቲቱ መስታወት ፊት ማልቀስ ትለማመድ እንደነበር ነገርሽኝ፣ ፅናት። ጋሼ ካነበቡልን ውስጥ ይህ የለም። ከቅጂው አንድም ቃል ሳላስቀር ሰምቼዋለሁ። የተጻፈው አራተኛው ደብተር ሠላሳ አንደኛ ገጽ ላይ ነው። ገዳይዋ እሷ መሆኗ የሚታወቀው በዚያ ነው።»

ፅናት መሐረቡን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ለምን እንደወሰድሽው ያወቅኩት ከመጨረሻው ገጽ ነው። አራተኛው ደብተር በጋሼ እጅ አልተጻፈም።» የአለምወርቅ ስልኳን አንስታ አነበበች። «'ተፈጸመ። ማርቆስ። ኅዳር ፲፱፻፸። ፅናት ነገ ክርስትና ትነሳለች።'»

አልአዛር ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔም አይቼው ነበር» አለ። «ሁለተኛ ተርጓሚ አለ ከተባለ ሥራው ይቆማል ብዬ ዝም አልኩ። ስሟንም ሳየው፣ ስም ይመሳሰላል ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ፅናት በመጨረሻ ተናገረች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ከቅዳሴ በኋላ ነይ አሉኝ። አራት ሰዓት ላይ መጣሁ። ደብተሩን ሰጡኝና 'አንብቢው' አሉኝ። የአባቴን የእጅ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። እናቴ ፈርታ ሁሉንም አቃጥላዋለች። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስሜን ሳይ እጃቸውን ሳምኩ፣ እትዬ። ከሳምኩ በኋላ ነው የነገሩኝ። ከአባቴ ጋር በአንድ ቢሮ እየሠሩ መጽሐፉን አብረው ይተረጉሙ ነበር፤ ፍተሻ ሲመጣ የአሜሪካው መጽሐፍ የእሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር የተገኘው። 'የማርቆስ ነው' አሉ። አባቴን ከቢሮው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም።»

«ከዚያስ?»

«ማልቀስ ጀመሩ። ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ፓምፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክዳኑን ስገባ እንደ ልማዴ እኔው ገጥሜው ነበር፤ ከሳቸው ቀድሜ አነሳሁት። በቀን ለስንት ሰው የምሰጠውን ነገር ያዝኩት። ዝም ብዬ ያዝኩት።»

«ከሞቱ በኋላ እጃቸው ላይ አኖርሽው።»

«አይደለም።» ፅናት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «እዚህ ላይ ተሳስተዋል። በሕይወት እያሉ ነው የሰጠኋቸው። አልቻልኩም፣ ሰጠኋቸው። ግን ክዳኑን የሚከፍቱበት አቅም አልቀረላቸውም። እያዩኝ ነበር፤ እኔም አያቸው ነበር። ክዳኑን መክፈት አንድ ጣት ነው የሚፈልገው። አልከፈትኩላቸውም።»

ተማም ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የአለምወርቅ በሙያዋ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰዓት ታውቀዋለች። የተያዘው ሰው ይናገራል፣ መርማሪው ይጽፋል፣ ነገሩ ያልቃል። ዛሬ ግን የምትናገረው የራሷ ነገር ነበራት።

«ፅናት፣ ጋሼ ከመንገራቸው በፊት አማክረውኛል» አለች። «ለማን እንደሚናገሩ አልጠየቅኳቸውም። ይናገሩ፣ ይቅለልዎት አልኳቸው። ላንቺ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም።»

ፅናት ፊቷን ወደ ባዶው ወንበር መለሰች። «ባይነግሩኝ ይሻል ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። ከውስጡ ቡናማ ሽፋን ያለውን ደብተር አውጥታ ለአልአዛር ሰጠችው። «ሲታተም የሁለቱንም ስም አድርግ። የጋሼንም አታውጣ።»

አልአዛር እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሁለቱ ሴቶች ታክሲ ሳይዙ፣ ከቢሮ በሚመለሰው ሰው መሀል እየተጋፉ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በእግር ወረዱ። ፅናት ስሟን ራሷ ለመዝጋቢው ነገረችው። ወደ ውስጥ ሲያስገቧት ዞር ብላ አላየችም።

የአለምወርቅ አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀመጠችና ተነስታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። የቃል መስጫ ወረቀት ለራሷም ጠየቀች።

«ምስክር ነሽ፣ ማማ?» አላት ወጣቱ ፖሊስ።

«ሟቹ ምክር ጠይቀውኝ ነበር። የሰጠኋቸውን ምክር ልጽፍ ነው።»

«ምክር መስጠት እኮ ወንጀል አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ወጣቱ ትንሽ አያትና ወረቀቱን አቀበላት። ስሟን፣ ዕድሜዋንና አድራሻዋን በእንግሊዝኛ ሞላች። የሆነውን ይግለጹ የሚለው ክፍል ላይ ስትደርስ እንግሊዝኛዋ አልበቃ አላት። በአማርኛ ጀመረችው። እዚያ ጣቢያ ውስጥ የሚያነብላት ሰው እንደሌለ እያወቀች፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ጻፈች።