ከመስከረም በኋላ ሰባት

የታሪክ መምህሩ የገብረየስ ሬሳ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር በሚገኘው የሐበሾች ትምህርት ቤት፣ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ሥር። የራስ ቅሉን ከኋላ በብረት ወንበር ተመትቷል። በካርቱም ሙቀት ሬሳ የሞተበትን ሰዓት አይናገርም፤ ሽታው ግን ግቢውን ሞልቶታል። ርእሰ መምህሩ አቶ ቢልልኝ ሽቶ የነከረ መሐረብ አፍንጫው ላይ ደግፎ፣ በር ላይ ለተሰበሰቡት ወላጆች «ሰኞ ትምህርት ይቀጥላል፤ ክፍያ እንዳታቋርጡ» ይል ነበር።

ፖሊስ ቀትር ሳይደርስ የጽዳት ሠራተኛዋን ሐምዲያን አሰረ። የወሎ ሴት ናት፤ ልጇ ኒዕማ እዚያው ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ገብረየስ በየዓርቡ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ ብቻውን እየመጣ የቅዳሜውን ትምህርት ሰሌዳ ላይ የመጻፍ ልማድ ነበረው። ሰሌዳው ተጽፏል፤ ስለዚህ ዓርብ በሕይወት ነበር ተባለ። ዓርብ ቁልፍ የያዘችው ደግሞ ሐምዲያ ብቻ ናት።

ሰዉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅን ጠራ። ደሴ ላይ ብዙ ዘመን የፖሊስ መርማሪ ነበሩ። ጉዳዩን የያዘው የመቶ አለቃ ጂብሪል ገዳሪፍ ከተማ ከሐበሻ ጋር ስላደገ አማርኛ ይናገራል።

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። በነፍስ ግድያ ነው።»

«እስከዚያ ክፍሉን ልየው።»

ሰሌዳው ላይ የአሜሪካ ታሪክ ነበር። የፈረንጁ ዓመት በቀይ ጠመኔ፣ የእኛው ከሥሩ በነጭ። «የኬኔዲ ግድያ፣ ኖቬምበር 1963»፤ ከሥሩ 1955። «ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ፣ ጁላይ 1969»፤ ከሥሩ 1961። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ብዙ ቆሙ።

መጀመሪያ የሒሳብ መምህሩን ዓለምነህን አስጠሩት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«አልዋሽም እትዬ። ገብረየስ፣ ቢልልኝ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ስም የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት አሜሪካኖች አያውቁትም፤ ለእናቶቹ እንንገር አለኝ። እኔ እንጀራዬን ፈራሁና ዝም በል አልኩት።»

«ሐሙስ መቼ ወጣህ?»

«ከልጆቹ ጋር። እነሱው ሐፍላ አውቶቡስ ላይ አሳፈሩኝ።»

«ካርቱም የገባኸውስ?»

«ጥቅምት 2012።»

«በፈረንጅ?»

«2019» አለ ሳያስብ።

ቢልልኝ ወንበር እንኳ ሳይጋብዛቸው ጀመረ።

«እኔ ሐሙስ በሩን ቆልፌ፣ ማታ መደኒ ከተማ ነኝ። ዋላሂ፣ መቶ ምስክር አለኝ!»

«ሱዳን ከመጡ ቆዩ?»

«በረሃቡ ጊዜ፣ ሕፃን ሆኜ። ዲሴምበር 1984።»

«በእኛስ?»

«ስምንት መቀነስ ነው፤ 1976።» ትከሻውን ነቀነቀ። «የቤት ሠራተኛ ልጅ ስለ ኬኔዲ ብታውቅ ምን ይሠራላታል? እናቶቹ የሚፈልጉት ወረቀት ነው። ኻላስ፣ አበቃ!»

በማግስቱ ሁሉም እዚያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሐምዲያን እጇ ታስሮ አመጧት።

«ኒዕማ፣ መምህር ገብረየስ የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ስትለውጡ ምን በሉ ይላችሁ ነበር?»

ልጅቷ ዓይኗን ከእናቷ እጅ ሳትነቅል መለሰች። «ከመስከረም በኋላ ሰባት፣ ከጥር በኋላ ስምንት።»

«ኬኔዲ የተገደለው በኖቬምበር፣ በእኛ ኅዳር ነው» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «አዲስ ዓመታችን ገብቷል፤ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ 1956። ሰሌዳው ግን 1955 ይላል። ይህን ሕግ ልጆቹን እንደ ጸሎት ያስጠና ሰው እንዲህ አይስትም። ስለዚህ ሰሌዳውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።»

«ለምን ይጽፋል?» አለ ጂብሪል።

«ሟቹ ዓርብ በሕይወት ነበር ለማሰኘት። እንግዲያ የሞተው ሐሙስ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። የዓርብ ቁልፍ ምንም አያስረዳም። ሐምዲያ ፊደል አልቆጠረችም። ዓለምነህ ከልጆቹ ጋር ወጥቷል፤ በዚያ ላይ መቼ ሰባት እንደሚቀነስ ያውቃል። ሐሙስ በር የቆለፉት አቶ ቢልልኝ ናቸው። ዲሴምበር 1984 በእኛ 1977 ነው፤ እሳቸው 1976 አሉኝ። ሕፃን ሆነው ስለመጡ ዘመናችን መስከረም ላይ እንደሚለወጥ ረስተዋል፤ ሁልጊዜ ስምንት ይቀንሳሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

ቢልልኝ ጮኸ። «ገብረየስ ሊያጠፋኝ ነበር! በገዛ ፈቃዳቸው ለከፈሉት ወረቀት! እነዚህ መሃይሞች መች ያውቁ ነበር?»

ዓለምነህ አንገቱን ደፋ። ጂብሪል የሐምዲያን እጅ ፈታና ሰንሰለቱን ለቢልልኝ አጠለቀለት። ሐምዲያ የቆሰለ አንጓዋን አላየችም፤ አልሐምዱሊላህም አላለች። ስንት ዓመት የሰው ልብስ ያጠበችበትን ነገር ጠየቀች።

«ታዲያ የኒዕማ ወረቀትስ፣ እትዬ?»

ሐምዲያ አንድ በአንድ የሁሉንም ፊት አየች፤ ወረቀቱ ዋጋ እንደሌለው ገባትም። ከዚያ ወደ ቢልልኝ ተጠግታ ፊቱ ላይ ተፋችበት። ጂብሪል ይዞት ቆሟል፤ ምራቁ እስኪደርቅ አላስጠረገውም።